የተቃናው መስቀል

አክስቴ ሕመሟን አንድ ዓመት ሙሉ ደበቀችኝ። እኔ ደግሞ ሥራዬ ምን ሆኖ ነው? ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች ማሽን ሥር አስተኝቼ የጨረር ሕክምና መስጠት። ቀኑን ሙሉ የሰው እናትና የሰው አክስት ሳክም እውላለሁ፤ ወደ ማታ ቡሬ ስደውል አክስቴ «ደህና ነኝ ልጄ» ትለኛለች፤ እኔም አምኜ እዘጋለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ ሌላውን ስመክር፣ የገዛ አሳዳጊዬ ደም እየፈሰሳት ልብስ ስትደራርብ እንደከረመች አላውቅም ነበር። ሳውቅ ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝ ንዴት ነው። በእሷ ተናደድኩ፤ በኋላ ግን ንዴቱ አቅጣጫውን ቀየረና ወደ እኔው መጣ።

እናቴ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ያሳደገችኝ ይህችው አክስቴ ናት። እናና እላታለሁ። የማህፀን በር ካንሰር ነው ተብሎ ሃያ አምስት ቀን ጨረር ታዘዘላትና እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጣች። እኛ የጨረር ባለሙያዎች ጥቂት ስለሆንን «የራስሽ ዘመድ ናትና አንቺ አትንኪያት» የሚል ሰው አልተገኘም። ቢኖርም እሺ አልለውም ነበር።

ብዙ ሰው ሥራችን ቁልፍ መጫን ይመስለዋል። ቁልፉ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። መጠኑን ሐኪሙ ያዝዛል፤ ስሌቱን የፊዚክስ ባለሙያው ይሠራል፤ የእኛ ድርሻ በሽተኛው ትናንት በተኛበት አኳኋን ዛሬም አንዲት ጣት ሳይዛነፍ እንዲተኛ ማድረግ ነው። ለዚህ ሲባል ቆዳው ላይ በማርከር ሦስት ምልክት እናሰምራለን፤ አንዱን ከእምብርት በታች፣ ሁለቱን ግራና ቀኝ ዳሌ ላይ። ከክፍሉ ግድግዳ የሚመጣው ቀጭን ቀይ ብርሃን በሦስቱም ላይ ሲያርፍ፣ ውስጥ ያለው ዕጢ ጨረሩ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

የእናና የግራ ምልክት ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ይርቅ ነበር። ኮረዳ ሳለች ከበቅሎ ወድቃ ዳሌዋ በደንብ አልገጠመም፤ ስትተኛ ግራው ከአልጋው ከፍ ይላል። የሰው አካል እንደ ሳጥን ቀጥ ያለ አይደለም። እኛ የምናስተኛው ሰውየውን እንዳለ ነው፤ የምናሰምረውም እንዳለ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ማሽኑን ስታይ ከንፈሯ ደረቀ። ቀሚሷን ገልጬ መስመሩን ሳሰምር «ምንድን ነው የምትጽፊብኝ?» አለችኝ። መስመሮቹ ሲቋረጡ የመስቀል ቅርጽ ይዘዋል። ከኋላዬ ወረፋ ተደርድሯል፤ ቸኩያለሁ። «መስቀል ነው እናና፣ አይዞሽ» አልኳት። ፊቷ በራ። እኔም ነገሩ ስለሠራልኝ ጨመርኩበት። «ውኃ እንዳይነካው። ይህ ከጠፋ ማሽኑ በሽታሽን አያገኘውም።» ለሁሉም እንዲህ ነው የምለው፤ እንዲጠነቀቁ ስል አካብዳለሁ። እውነቱን ለመናገር መስመሩ ቢጠፋ ከፋይሉ ላይ ተለክቶ ወይም የሆዷ ምስል እንደገና ተነሥቶ ይሠራል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሰማይ አይደፋም። ይህን ግን አልነገርኳትም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ የኛ ሰዎች።

አሥራ ስድስት ቀን ታከመች። በመሃል የወንድሟ ዐርባ ደረሰ። «ዓርብ ሄጄ ሰኞ እመለሳለሁ» አለች። ጮኽኩ። በመሃል ሲቋረጥ ዕጢው ፋታ እንደሚያገኝ፣ ተመትቶ የወደቀው እንደገና እንደሚነሣ ነገርኳት። «ወንድሜን ዐርባውን ሳላወጣ ብድን ምን ዋጋ አለው?» ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ሐኪሙ ሁለት ቀን ፈቀደላት። ሦስቱን መስቀል በቀሚሷ ሥር ይዛ ሄደች።

ሰኞ አልመጣችም። መንገድ ተዘጋ። ስልክም ጠፋ። በየጠዋቱ የስም ዝርዝሩን ስከፍት ስሟ ፊት ለፊት ባዶ ሳጥን ይጠብቀኛል፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ስድስት ቀን። ሌሎቹን በሽተኞች ሳስተኛ እጄ ሥራ ላይ ነው፤ ልቤ ግን ቡሬ ነው። በስምንተኛው ቀን ሐኪሙ ጠርቶኝ «ከሁለት ሳምንት ካለፈ የታሰበው ሁሉ እንደገና መታሰብ አለበት፤ የመዳን ዕድሏም ይቀንሳል» አለኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መንገድ ተከፍቷል ሲባል ሰማሁ። ፈቃድ ጠይቄ በማግስቱ ተሳፈርኩ።

ፍኖተ ሰላም ስደርስ የአውቶቡሱ ረዳት «ነገ ጠዋት ተመላሽ ነን፤ ከነገ ወዲያ ግን ለመንገዱ ዋስ የለኝም» አለኝ። አንዲት ቀን ነበረችኝ። በሚኒባስ ቡሬ፣ ከቡሬ በባጃጅ ጭቃው እስከፈቀደ ድረስ፣ ከዚያ በእግሬ። ሐምሌ ነው፤ ጫማዬን ጭቃው ሁለት ጊዜ ቀማኝ። በልቤ የምደግመው «ምልክቱ ጠፍቷል፣ ጠፍቷል» ነበር። መቼም ስለ መስመሩ እንጂ ስለ ሴትየዋ እንዴት አላስብም? ሙያ እንዲህ ያደርጋል።

እናና ደጃፍ ተቀምጣ የዘር ድንች ትለያለች። ከስታለች። ስማኝ ስማኝ ሳትጨርስ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ። «ነይ እስቲ፣ የጠበቅሁልሽን እዪ» አለች። በሩን ገርበብ አድርጋ ቀሚሷን ገለጠች።

ሦስት ጥቁር መስቀል። ማርከር አይደለም፤ ንቅሳት ነው። ጠርዛቸው ገና አብጧል፤ አንዳንዱ ጋ ቅርፊት ይዟል።

«ሰኞ አውቶቡስ አጥቼ ከቡሬ ስመለስ ዝናብ አገኘኝ» አለች። «ቤት ገብቼ ብገልጠው ቀለምሽ ይወርዳል። ነፍሴ ልትወጣ! ይህ ከጠፋ ማሽኑ አያገኘውም ብለሽኛል። መንገዱ ተዘግቷል፤ መቼ እንደምመለስ አላውቅ። ጨርሶ ሳይለቅ ብዬ ነቃሿን አስጠራኋት። አሁን ዝናብም አያስለቅቀው፣ እድሜ ልኬን።»

ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። ጨረር ያገኘው ቆዳ ላይ መርፌ! ቁስሉ ቢመረቅዝስ? ደግሞም ሐሳቧ የሞኝ አልነበረም። በሙያችን ምልክቱን በጥቃቅን ነጥብ የሚነቅሱ አገሮች እንዳሉ ተምሬያለሁ። ፊደል ያልቆጠረችው አክስቴ በአንድ ማታ ጭንቀት እነሱ የደረሱበት ደረሰች። ደስ አለኝ። መስመሩ ካለ ነገ ወስጃት ከነገ ወዲያ እጀምርላታለሁ፤ አንድም ቀን አይባክንም። ይህን እያሰብኩ መደቡ ላይ አስተኝቼ ግራና ቀኟን ተመለከትኩ።

ሸጋ ነበሩ። ሁለቱም ዳሌ ላይ እኩል፣ ፊት ለፊት የተያዩ። በአሥራ ስድስት ቀን ውስጥ እኩል ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«በመስመሩ ላይ ነው የነቀሱሽ?»

«በመስመርሽ ላይ ነው። ሌላ የት ይሆናል?» አለች። አልዋሸችም፤ የራሷን ዳሌ ጎን ማየት አትችልም።

ነቃሿ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣ ከአዊ ተድረው የመጡ፣ አገውኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚናገሩ አዛውንት ናቸው። ዛሬ ዛሬ ንቅሳት የሚፈልግ ልጃገረድ ስለሌለ መርፌያቸው ሥራ ከፈታ ቆይቷል። ሲጠሩ ፈጥነው መጡ። ፊታቸው ላይ መመስገን የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ አለ።

«እትዬ፣ መስመሬን ተከትለው ነው የነቀሱት?»

«እንዴታ! የመሃሉንና የቀኙን እንዳለ ነው። የግራው ግን ተንጋዶ ነበር።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ልጅ ነሽ፣ ቸኩለሽ እጅሽ ስቶ ይሆናል ብዬ አቃናሁልሽ። ለማንም አልተናገርሁም። የተማረች ልጃችን መስቀል ማስመር አቃታት እንዳይባል ብዬ ደብቄልሻለሁ።»

ነውሬን ነበር የሸፈኑልኝ። አገራችን እንዲህ ነው፤ የሰው ልጅ ስሕተት ካየህ ዝም ብለህ አቃናለት፣ ስሙን አታስነሣበት። እኔ ግን ያን ሰዓት አገርም ይሉኝታም አልታየኝም። «ማን አቃኑ አልዎት!» ብዬ ጮኽኩባቸው። በእናቴ ዕድሜ ባሉ ሴት ላይ፣ በሰው ፊት።

«አፍሽን ያዢ!» አለች እናና ከመደቡ ቀና ብላ።

አሮጊቷ ወደ እናና ዞሩ። ቀስ ብለው «ይጎዳታል?» አሉ። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው። ዳሌዋ የተንጋደደው ድሮ ከበቅሎ ወድቃ እንደሆነ፣ ምልክቱም የተንጋደደው እሱን ተከትሎ እንደሆነ፤ በተቃናው ምልክት ካስተኛናት ግን ወገቧ ዞሮ ጨረሩ ዕጢውን በከፊል እንደሚስትና ጤነኛ አንጀቷን እንደሚያቃጥል። «አበስኩ ገበርኩ» አሉና መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እናና ከተኛችበት እጇን ዘርግታ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገች። የታመመችው እሷ፣ የምታጽናናው እሷ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩበት፤ አሁንም አስባለሁ። ጥፋቱ የነቃሿ አልነበረም። «ልኬት ነው፤ ዳሌሽ እንዳለ ነው የለካሁት» ብያት ቢሆን ኖሮ እናናም እንደዚያው ትነግራቸው ነበር፤ እሳቸውም ልኬት አያቃኑም። እኔ ግን ወረፋ ስለበዛብኝ መስቀል ነው ብዬ ተገላገልኳት። ጠማማ መስቀል አይቶ ዝም የሚል ደግሞ በኛ ሰፈር የለም።

በማግስቱ ማለዳ ሦስታችን ወጣን፤ ነቃሿ እስከ ቡሬ ካልሸኘሁ ብለው የእናናን ስንቅ ተሸከሙ። ከቡሬ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገብተን እስከ መናኸሪያው በጋሪ ደረስን፤ አውቶቡሱ ሊነቀል ሲል ተሳፈርን። ደምበጫን እስክናልፍ ድረስ በየኬላው ስንቆም ትንፋሼን ይዤ ነበር። እናና ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። ክብደቷ እንደ ሕፃን ቀሎኛል።

ሆስፒታል ስንደርስ የፊዚክስ ባለሙያው አንዴ አየና «እንደገና ምስል ትነሣለች፣ እንደገና ይሰላል» አለ። የምስል ማንሻው ማሽን ወረፋ አምስት ቀን ነበር። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ኮሪደር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እንደኔው የሚለምን የሌላ ሰው ልጅ ከጎኔ ቆሟል፤ ቅደሚ ብሎ አያሳልፈኝም፤ ማሳለፍም የለበትም። አምስቱ ቀን አለፈ። ሐኪሙ የቀሯት ቀናት ላይ ጥቂት ጨምሮ አዲስ ቀይ መስመር ተሠራላት። አሁን አካሏ ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት አለ፤ ጥቁርና ጉልህ የሆነው የተሳሳተው፣ ቀይና ደብዛዛው ትክክለኛው።

ጥቁሩን በፕላስተር እንሸፍነው ነበር። ጨረር የበላው ቆዳ ግን በአራተኛው ቀን አልችል ብሎ ከፕላስተሩ ጋር መላጥ ሲጀምር ነርሷ ከለከለች። ፋይሉ ላይ በትልቁ «ጥቁሩን አትከተሉ» ብዬ ጻፍኩ። እንደዚያም ሆኖ እሷ በምትታከምበት ሰዓት ከክፍሉ አልወጣም ነበር። አንድ ቀን ብቻ ወጣሁ።

ማሽኑ ጠዋት ተበላሽቶ ሲሠራ ረፍዷል፤ በሽተኛው ሁሉ ተጠራቅሟል። አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ ሥራ ከጀመረ ወሩ ነው፤ ጎበዝ፣ ትሑት ልጅ። ደንባችን ለሁለት ማየት ነው፤ አንዱ ሲያስተኛ ሌላው ያረጋግጣል። እኔ ግን ፎርም ልሞላ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ቀደምኩ። ሲወጣ ቀና ሳልል «ልክ ነው?» አልኩ። «ልክ ነው» አለ። ከባዱ በር ተዘጋ። ወንበሬ ላይ ተስተካከልኩና ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ።

በስክሪኑ ላይ የእናና ቀኝ እጅ ተነሣ።

በሽተኛ ሁሉ ይነገረዋል፤ ችግር ካለ እጅህን አንሣ፤ ካልሆነ ግን አትንቀሳቀስ። ብዙዎቹ ያነሣሉ፤ ያስላቸዋል፣ ይጨንቃቸዋል። እናና ግን አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። ቆዳዋ ሲላጥ አላነሣችም። እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ ያህል «ልትታከክ ፈልጋ ይሆናል፣ አሁን ታወርደዋለች» ብዬ ጠበቅሁ። ሰዓት ሄዶብኝ ነበር። እጇ ግን አልወረደም። ጣቴን አነሣሁ።

ገባሁ። «ምነው እናና?»

«ልጄ፣» አለች ጣሪያውን እያየች፣ ምንም ሳትንቀሳቀስ፣ «ይሄም አቃናኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀዩ ብርሃን ልክ በጥቁሩ መስቀል መሃል ላይ አርፏል። በላብ የደበዘዘው የኔ መስመር ከሱ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ቀርቷል። ባልደረባዬ የግራ ዳሌዋን ተጭኖ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ጉልህ የሆነለትን ምልክት ከብርሃኑ ጋር አገጣጥሟል። የአልጋውን ጠርዝ ያዝኩ። ልጁ ከኋላዬ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። አልተቆጣሁትም። በምን አፌ? ሳላይ «ልክ ነው?» ያልኩት እኔ፣ ቁልፉ ላይ የነበረው ጣት የኔ።

ዳሌዋን ለቀቅነው፤ እንደ ልማዱ ከፍ አለ። በቀዩ መስመር አስተኛናት፤ ለሁለት አየን፤ እኔ ሦስተኛ ጊዜ አየሁ። ከዚያ ታከመች።

ስትጨርስ ልብሷን እያለበስኩ «እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«አንቺ ስታስተኚኝ ዳሌዬን እንዳለ ትተይዋለሽ። ዛሬ ተጫነኝ፤ አመመኝ። ልችለው ነበር። መቻል ለምጃለሁ አይደል? ከዚያ የነቃሿ ነገር ትዝ አለኝ። ዝም ብዬ አንድ ጊዜ ተቃንቻለሁ፣ ሁለተኛ አልቃናም አልሁ።»

ያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከሰዓት በኋላ የሆነውን ሁሉ ጽፌ፣ የኔን ጥፋት ከላይ አድርጌ ለአለቃዬ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም በሽተኛ መስቀል ነው ብዬ አላባበልኩም። «ልኬት ነው፤ እርስዎ እንዳሉ ነው የለካነው፤ የተለየ ነገር ከተሰማዎ እጅዎን ያንሡ» እላለሁ። ወረፋው ይረዝማል፤ ይርዘም።

ሕክምናዋን ጨርሳ እኔው ቡሬ ወሰድኳት። ቤቷ ውስጥ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ቀዩን መስመር አጠብኩት፤ ገና በመጀመሪያው እጥበት ለቀቀ። ያን ያህል የተጨነቅንለት ትክክለኛው ምልክት ከቆሻሻው ውኃ ጋር ደጅ ተደፋ። የተሳሳተው ሸጋ ሆኖ ቀርቷል። ነቃሿ መጥተው አዩትና «ልክ የነበረውን ቦታ አሳዪኝና እዚያ ልንቀሰው» አሉኝ፤ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እናና ግን «ተዪው በሞቴ፣ ሌላ ማሽን ይጠሩብኛል» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

እስካሁን በየጊዜው እየመጣች ትመረመራለች፤ ዕጢው አልተመለሰም። ይመለስ እንደሆነ ማናችንም አናውቅም፤ እፈራለሁ። ማታ ማታ እደውላለሁ። ትናንትም ደወልኩ። «ደህና ነኝ ልጄ» አለችኝ፤ ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኳት። «ኧረ እንዳለ ልንገርሽ» ብላ ከረቡዕ ጀምሮ ስለያዛት የወገብ ሕመም ታወራልኝ ጀመር።